የደምሰው ረድፍ

የሰው ትዝታ በመረጃ ሰንጠረዥ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ የደሴን ሰንጠረዦች የምትጠግነው ትርንጎ ናት። ያን ቀን ጠዋት ከእናቷ ሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ተበላሽቶ አገኘች፤ እናቷ ስለ ሟች ወንድሟ ስለ ደምሰው የሚያስታውሱት ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነበር። ካልሰረዘችው ብልሽቱ ይዛመትና እናቷ እሷንም ይረሳሉ። ደጋግማ ከወንበሯ ተነሣች፣ ክፍሉን ዞረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። በመጨረሻ ሰረዘችው።

መቀመጥ አልቻለችም፤ ወደ እናቷ ቤት ከነፈች። እናቷ የደምሰውን ጃኬት ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

“ትርንጎዬ፣ ይሄን ከቁም ሣጥን አገኘሁት። የማን ነው? ለሰው ልስጠው?”

“የኔ ነው፣ እማዬ።”

ተቀብላ ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ሸፈነ።

“ሰፍቶሻል እኮ” አሉ እናቷ እየሳቁ፣ “ምን ብለሽ ገዛሽው?”