የተደበቀችው ሞግዚት

አብዮታዊ ክትትልንና የዓሣ ጥብስን በአንድ ገጽ ማስፈር ድፍረት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሜ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዝም ብል እመርጥ ነበር። ነገሩ ግን የአንድ ጓድ ክብር ያለበት ስለሆነ ዝም ማለቱም ያስፈራል።

ዘመኑ 1973 ዓ.ም. ነው። የብርጓል የምትባል ሴት ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር በቆመች የቆርቆሮ ቤት ዓሣ ትጠብሳለች። ባሏ ዘምቷል። ክንዱ የተባለውን የስድስት ወር ልጇን የሚይዙላት እናቷ ቅዳሜ ዕለት ለጉልበታቸው ሕመም ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረዱ። ዘይት እየፈናጠረ ልጅ አዝሎ መጥበስ አይሆንም። «እንግዲህ መዝጋቷ ነው» ተባለ።

ሰኞ ለቀበሌው ስም የሌለው ጥቆማ ደረሰ። ዘይት በነካው የደብተር ወረቀት፣ በእርሳስ፦ «የብርጓል ሞግዚት ቀጥራ በድብቅ ትበዘብዛለች። ዓሣ እየጠበሱ ልጅ ማሳደግ በአንድ ሰው እጅ አይቻልም። ጠንካራ ጓድ ባስቸኳይ ይላክ።»

ጓድ ዓምደ ሚካኤል ተላከ። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ካድሬ ከሆነ ወዲህ ሚካኤልን ጥሎ «ጓድ ዓምዴ» ተብሏል። ወረቀቱን አሸተተው። ዓሣ ዓሣ ይላል። ዓይኑ ወዲያው ከጎን በምትጠብሰው በሙሉነሽ ላይ አረፈ፤ ተፎካካሪ ናት፣ እርጉዝ ናት፣ ምላሷም አያርፍ።

«ሞግዚቷ ከተገኘች ቤቱ ይታሸጋል» አላት የብርጓልን።

«ይፈልጓት፤ ብትገኝ እኔም ደስታዬ ነው። እስኪያገኟት ይህን ይያዙልኝ፣ ዘይቱ ጋለ።» ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ክንዱ አለቀሰ። ጓድ ዓምዴ የአብዮት መዝሙር ሞከረለት፤ ባሰበት። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝግ አድርጎ የአባቱን ዜማ አንጎራጎረ። ልጁን እንቅልፍ ወሰደው።

«ጓድ፣ ምን እያሉት ነው?» አለች ሙሉነሽ ከጎን።

«እያነቃሁት ነው!»

«ተኛ እኮ!»

ሁለት ሳምንት ተመላለሰ። ልጁን እንደታቀፈ ጓሮውን ፈተሸ፤ ከተገለበጡት ታንኳዎች ሥር አጎንብሶ አየ። ሞግዚት የለችም። የብርጓል በሁለት እጇ ጠበሰች፤ ገበያዋም ደራ።

በመጨረሻ ሙሉነሽን ለምስክርነት ጠራት። «ጥቆማውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ? እኔ ብሆን ዓሣ ታሳርራለች ነበር የምል!» ቃሏን ሰጠችና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ጓዱ ፈገግ አለ። ምቀኛ መቼ አምኖ ያውቃል?

ሪፖርቱን እዚያው የብርጓል ቤት፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቷ ሥር ተቀምጦ ጻፈው። ክንዱ ስለሸናበት ደግሞ ጻፈው፦ «ሞግዚት አልተገኘችም። ጥቆማው የምቀኛ ነው። ክትትሉ ተዘግቷል።»

«ተዘጋ?» አለች የብርጓል። ፊቷ ጠቆረ።

«ደስ ይበልሽ እንጂ!» አላትና ልጁን መለሰላት።

በማግስቱ ለቀበሌው ሁለተኛ ጥቆማ ደረሰ፤ ያው ዘይት፣ ያው እርሳስ፦ «ጓዶች፣ ሞግዚቷ አሁንም አልተያዘችም። ክትትሉ ይቀጥል። የሚላከውም ያው ጓድ ዓምዴ ይሁን፤ ክንዱ በሌላ ሰው ዜማ አይተኛም።»

አደራ፣ ይህ ወሬ ከሙሉነሽ ጆሮ እንዳይደርስ፤ እሷም ሰሞኑን ልትወልድ ነው።