ያድግበታል

በጸሎት ቤታችን፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለቆመው ለሕፃኑ ኢየሱስ ምስል በየዓመቱ አዲስ ቀሚስ የምሰፋለት እኔ ነኝ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ምስሉ አያምርም። ጄሶ ነው፤ ጉንጩ ከረሜላ ይመስላል፣ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባና ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል ከቦታል። ግን ቁመቱ ልጄ ሲሞት የነበረውን ያህል ነው። ከልጄ ወዲህ ሌላ የማለብሰው የለኝም።

ዘንድሮም ጨርቁን የቆረጥኩት በዚያው በድሮው ልክ ነበር። ሳለብሰው እጅጌው ክንዱ ላይ ቀረ።

"ጨርቁ ታጥቦ ተሰብስቦ ይሆናል" አለኝ አምፖል ሊቀይር አብሮኝ የመጣው ባሌ።

"ገና ውኃ አልነካውም።"

ያለፈውን ዓመት ቀሚስ አመጣሁ። እሱማ ጭራሽ ከጉልበቱ አላለፈም።

ባሌ ቤት ሄደና ከፊት የሚቆለፍ ሰማያዊ ሹራብ ይዞ ተመለሰ። ለልጃችን የገዛው ነው። ያኔ "ሰፋው እኮ" ስለው፣ "ምን ችግር አለው፣ ያድግበታል" ብሎኝ ነበር። እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፌ ነበር የማለብሰው፤ እጥፋቱ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

ምስሉን አለበስነው። እጥፋቱን አንድ በአንድ ዘረጋሁት። እጅጌው የእጁ አንጓ ላይ ሲደርስ አለቀ፤ ልኩ ሆነ።

ባሌ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈለት። የመስታወቱን በር ቀስ አድርጎ ዘጋ።

"ለከርሞ" አለኝ ፊቱን ሳያዞር፣ "ትንሽ ሰፋ አድርጊለት።"