ለፈንዲሻ ስትነሳ

ቨርሊን ከምድር ቤቱ ያወጣው አሮጌ ኮምፒውተር የከርት ነበር፤ የሚስቱ የሎርና የመጀመሪያ ባል፣ የሟቹ የከርት። ዲስኩን በመዶሻ አድቅቆ ጣለው። በቀረው ላይ ከሌሎች አሮጌ ኮምፒውተሮች የፈታቸውን ዕቃዎች ገጣጥሞ፣ ፊልም እንዲያጫውት ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው።

«እጅህ ይባረክ» አለችው ሎርና፣ እሁድ ከሰዓት ሶፋው ላይ ተደላድላ። «ከርትም እንዲህ ዕቃ መነካካት ይወድ ነበር። ለፈንዲሻ ስነሳ እንኳ ፊልሙን ያቆምልኝ ነበር።»

«ዛሬ እንኳ ከርትን ተይልኝ» አለ ቨርሊን።

ሎርና ስቃ ወደ ኩሽና ሄደች። ፊልሙ ቀጥ አለ።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ ፍቅር» አለች ከወዲያ።

ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቨርሊን አልነካውም። ተመልሳ ስትቀመጥ ፊልሙ ካቆመበት ቀጠለ። አሮጌ ዕቃ ነው፣ አንዱ ሽቦ ላልቶ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ውሃ ልትቀዳ ስትነሳ ግን ደግሞ ቆመ፤ ስትቀመጥ ቀጠለ።

ቨርሊን ራሱ ተነሳ። እስከ ኩሽናው በር ሄዶ ዞር ብሎ ጠበቀ። ፊልሙ አልቆመም።

ሎርና ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ ቨርሊን ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ «ለሱም አቁምለት እንጂ» አለች።

የፊልሙ ድምፅ ከፍ አለ።