ስምንተኛው መስመር

ማዳም ሰርዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኩማሲ ከተማ ውስጥ ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ፎቅ ላይ፣ ለአዋቂዎች ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ አሥራ አንድ ናቸው። ዛሬ የሉፕ ፈተና አለ።

ሉፕ ማለት ኮምፒውተሩ አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ እንዲሠራ ማዘዝ ነው። አንድ ተንኮል አለው። ከአንድ እስከ ስምንት ቁጠር ከተባለ ሰባት ብሎ ያቆማል። ስምንትን የፈለገ ሰው ዘጠኝ ብሎ መጻፍ አለበት። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ኦዱሮ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የክሎሪን ጆንያ ይሸከማል። ይህን ፈተና ካለፈ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል እንደሚያዛውረው አለቃው ቃል ገብቶለታል። ከወደቀ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ባለፈው ቅዳሜ አርፍዶ መጣ። “ሚስቴ ወለደች፤ ወንድ ነው” አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ከዚያ ቁጭ ብሎ መልመጃውን ያለ ስህተት ሠራ። ማዳም ሰርዋ አላመነችም። ከጎኑ የሚቀመጠውን ልብስ ሰፊውን ኒምፋን ጠረጠረች።

ዛሬ ስምንተኛው ቀን ነው። በአገሩ ልማድ ልጅ ስም የሚወጣለት በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ነው፤ እስከዚያ “እንግዳው” ይባላል። ኦዱሮ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ ገባ።

“ኧረ ነጭ በነጭ! ሙሽራ መስለሃል እኮ!” አለው ኒምፋ።

“አክስቶቼ ናቸው ያለበሱኝ። ፊትህን እንዳታጠቁር ብለውኛል።”

“በዚህ ቀን ማን ያጠቁራል? አበሉህስ?”

“የለውዝ ሾርባ። ብላ አሉኝ፣ በላሁ።”

“ለኛ ሳትይዝ መጣህ? አንተ ስስታም!”

ኦዱሮ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ማዳም ሰርዋ ጥያቄውን አነበበች። “በዚህ ሳምንት ቤታችሁ የተደጋገመ አንድ ነገር በሉፕ ጻፉ። እውነተኛ ይሁን። ከሆነው አንድ መስመር ቢጎድል ውድቅ ነው፤ ያልሆነ አንድ መስመር ቢጨመርም ውድቅ ነው።”

“እኔ የሚስቴን ስድብ ልጽፍ ነው” አለ ኒምፋ። “ማቆሚያ የለውም እንጂ።”

“ማቆሚያ የሌለው ሉፕ ኮምፒውተሬን ያንቀዋል። ሌላ ፈልግ።”

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኦዱሮ ዘንድ ደረሰች። ፕሮግራሙን አስነሳችው።

ቀን 1፦ እንግዳው ከኛ ጋር ነው።

ቀን 2፦ እንግዳው ከኛ ጋር ነው።

እንዲህ እያለ ሄዶ ሰባት ላይ ቆመ።

“ስምንተኛው የታለ?”

“የለም፣ ማዳም።”

“ያው የመጀመሪያ ቀን ስህተት! እስከ ስምንት ብለህ ጽፈህ ነው።”

“አዎ፣ ስምንት ነው ያልኩት።”

“ዘጠኝ በል፣ ዘጠኝ!” አንሾካሾከ ኒምፋ።

“ኒምፋ፣ አፍህን ስፋው። ባለፈው ሳምንት ማን እንደሠራለት አሁን ገባኝ።”

ማዳም ሰርዋ የኦዱሮን ነጭ ልብስ አየችና ልቧ ራራ። ጎንበስ ብላ ስምንቱን ራሷ አጥፍታ ዘጠኝ አደረገችው። ስምንተኛው መስመር ወጣ።

“ይኸው። ለልጅህ ስል ነው። አሁን ሴቭ አድርገውና አልፈህ ሂድ።”

ኦዱሮ ዘጠኙን አጠፋ። ስምንት ጻፈ። ሴቭ አደረገው።

ማዳም ሰርዋ ቀይ እስክሪብቶዋን ከፈተች።

“አንተ ግትር ሰው! ልጅህ ዛሬ ስምንት ቀኑ አይደለም እንዴ?”

“ስም ሳይወጣለት የሄደ እንግዳ በነጭ ልብስና በለውዝ ሾርባ ነው የሚሸኘው። ትናንት ቀበርነው፣ ማዳም።”