የማይካፈለው ቁጥር

ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር በየቀኑ ከምሳ በኋላ ከሚስቱ ጋር ጠረጴዛ ይከባል። ፊታቸው ያለው አንድ ቁጥር ነው፦ 5,090,981,419። ይህ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር በምንም ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም ባይ ነው መምህሩ። ለማረጋገጥ ከታች ጀምሮ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ እያሉ የማይካፈሉትን ቁጥሮች በየተራ መሞከር ነው። ያውም በእርሳስ። ካልኩሌተር ልቤን አያሳርፈውም ብሎ ከልክሏል። ጎረቤት ጨርቃቸውን ያልጣሉ እብዶች ይላቸዋል፤ ብዙም አልተሳሳተም።

የተጀመረው አንዲት ልጃቸው በሞተች በአምስተኛው ወር ነው። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ፣ እህል አልቀምስም ብላ ነበር። ባልየው ወረቀት ይዞ ገባና፣ «ብቻዬን አልዘልቀውም፤ አግዢኝ» አላት። በአንድና በሰባት የሚያልቁትን አካፋዮች ለእሷ ሰጣት፤ በሦስትና በዘጠኝ የሚያልቁትን ለራሱ ወሰደ። በቀን አንድ አንድ። እሷ አካፍላ ቀሪውን ትጽፋለች፤ እሱ መልሶ አባዝቶ በቀይ ያርማል።

ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ሲል የ48,611 ተራ ደረሰ። አካፈለች። ቀሪ የለም። ደግማ አካፈለች። አሁንም የለም።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ የባሏን ጉበት ነገር ነግሯት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው ይህ ቁጥር ብቻ መሰላት። ሆድ ይፍጀው ብላ «ቀሪ 12» ጻፈች።

እሱ እንደ ልማዱ አባዛ። ከወትሮው ዘገየ። ከዚያ በቀይ «ትክክል» ብሎ ጻፈበት።

ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር የተማሪ ስሕተት አምልጦት የማያውቅ ሰው ነው። ጉበቱ ሳያንስ አእምሮውም ሄደ አለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ ለከንቱ እንደሚደክሙ እያወቀች አብራው አካፈለች።

አሁን መምህሩ ከአልጋ አይነሳም። ሐኪሙ መድኃኒት ማዘዝ ትቷል። እህቷ ልትጠይቅ ስትመጣ ኩሽና ውስጥ ሁሉንም ዘረገፈችላት።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች እህትየው። «ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር ሳያውቅ ይሙት ነው የምትይው?»

«ቢያውቅስ ምን ይተርፈዋል?»

«እውነቱ ነዋ።»

ሚስትየው ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ስንት ላይ ደረስሽ?» አላት።

«አንተ ሰው፣ ይቅር በለኝ። ቁጥሩ ይካፈላል። ካገኘሁት ዓመት አልፎኛል። ተስፋ ቆርጠህ እንዳትሞትብኝ ብዬ ደበቅኩህ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ስምንት ዓመቱን ከእጁ የነጠቀችው መሰላት፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ።

«48,611» አለ በደከመ ድምፅ፣ እሷ ሳትነግረው። «ከ104,729 ጋር ያባዛሁት ሰባት ዓመት ያቆይሻል ብዬ ነበር። ተለቅ ያለ መምረጥ ነበረብኝ።»