የዶኛ ኦቲሊያ ቅል

ኔሜሲዮ ያቺን ነጭ ከረጢት ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ከረጢቷ የክርስትና እናቱ የዶኛ ኦቲሊያ ናት። ቤታቸው ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተሰቅላለች፤ የያዘችውም የዘንድሮውን የማሪዋና ዘር ነው።

በዚያ በጌሬሮ ተራራ ሦስት መንደሮች የአያቶቻቸውን ማሪዋና የሚዘሩት ከእኚህ ሴት እጅ ተቀብለው ነው። ቁመቱ ከቤት ጣሪያ የሚያልፍ፣ ቅጠሉ ቀጭን፣ ለመድረስ የሚያዘግም ተክል ነው። በሌሎቹ ሸለቆዎች ከሰሜን የመጣው አጭርና ችኩል ዘር ገብቶበት ከጠፋ ቆይቷል። እዚህ የቀረው ባዕድ ዘር ላለማስገባት ሁሉም ስለማሉ ነው። ኔሜሲዮም ምሏል፤ ያውም እሳቸው እግር ሥር ተንበርክኮ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። አዲሱ ዘር በነጩ ከረጢት ሆኖ፣ ዘር በሚባረክበት በካንዴላሪያ በዓል ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ከቡራኬው በኋላ ሰው በእፍኝ በእፍኝ ይካፈለዋል። ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ደግሞ ቅል ውስጥ ገብቶ፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሰቀላል። በዓመቱ አዲስ ሲተካ፣ አሮጌው ለዶሮ ይበተናል።

ባለፈው ሰኔ አንድ ነጋዴ የሰሜኑን ዘር መዳፉ ላይ ሲያኖርለት ግን ኔሜሲዮ እምቢ አላለም። ከዶኛ ኦቲሊያ ማሳ በላይ ባለው ገደል ውስጥ ደብቆ ዘራው። ብናኝ የሚረጩትን ወንዴ ተክሎች ሳያብቡ እነቅላቸዋለሁ ብሎ ነበር። እህቱን ሊድር ወደ ባሕር ዳርቻው ወረደ፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦ እዚያው አስቀረው። ሲመለስ ወንዴዎቹ ፈንድተው ብናኛቸው ቅጠሉን ሁሉ ቢጫ አልብሶታል። ነፋሱ ደግሞ ቁልቁል ነው የሚነፍሰው። ነቅሎ አቃጠላቸው፤ ግን ሥራቸውን ጨርሰው ነበር።

የተዳቀለ ዘር ከውጭ ሲያዩት የእናቱን መልክ እንደያዘ ነው። ጉዱ የሚታየው ሲበቅል ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሦስቱም መንደር ዘርቶት ያድራል።

በተመለሰ ማግስት ዶኛ ኦቲሊያ የእንጨት መሸከሚያ ገመዳቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ከገደሉ በኩል ሲወርዱ አገኛቸው። ሸክም አልነበራቸውም።

«እማማ፣ እንጨቱስ?»

«ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፤ ተመለስኩ።»

«ታዲያ እኔን አይጠሩኝም?»

«አንተ የራስህ ጣጣ መች አነሰህ?» አሉና ጉንጩን ዳበስ አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ ይባስ ብለው ደግ ሆኑበት። ታማል የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ ጥቅል ሲያበስሉ ትልቁን ለእሱ ያወጣሉ፤ ሲያስል ማር ይልካሉ። በዱላ ቢሉት ይሻለው ነበር። ልናገር እያለ ይሄዳል፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። በራሱ አፈረ፣ ግን አልተናገረም።

የካንዴላሪያ ዕለት ጠዋት ዶኛ ኦቲሊያ ሻማ ፍለጋ ጎረቤት ሄዱ።

«ከረጢቷን አውርደህ ጠብቀኝ፤ መጣሁ» አሉት።

ኔሜሲዮ ብቻውን ቀረ። ዓይኑ ቀድሞ የሄደው ከምድጃው በላይ ነበር፤ ቅሉ ግን እዚያ የለም። ወርዶ መሬት ላይ፣ ከዶሮዎቹ ቅርጫት አጠገብ ተቀምጧል። ዘንድሮስ ቸኩለዋል አለ በልቡ። ከፍቶ አየው፤ ሙሉ ነው። የአምና ዘር ይበቅላል። የአምና ዘር ንጹሕ ነው። አምላኩን አመሰገነ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከረጢቷን ምድጃው ውስጥ ገለበጣት። ዘሩ እንደ ፈንዲሻ እየተንጣጣ ነደደ። ከረጢቷን ሲያራግፋት ጭስ ጭስ ሸተተችው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ጭስ ጭስ የማይል ምን አለ? ከዚያ ከቅሉ ሞላባትና አፏን አሰራት። አንዲት ዶሮ የተንጠባጠበውን ልትለቅም መጣች። በእግሩ አባረራት።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከረጢቷ እንደ ወትሮው ለቡራኬ ከመጣው የበቆሎ ዘር ሥር ተሸጉጣ ገባች። ቄሱ በቆሎውን ባረኩ፤ ከበቆሎው ሥር ያለውን ማየት የእሳቸው ሥራ አይደለም። ውጭ የሦስቱ መንደር ሰው መሀረቡን ዘርግቶ ተሰለፈ። ዶኛ ኦቲሊያ በእፍኛቸው እየዘገኑ ሰጡ፤ ኔሜሲዮ ከረጢቷን ይዞላቸዋል።

«ሰውየው!» አለው ጎረቤቱ ፋውስቲኖ፣ «ፊትህ በራ እኮ! ሚስትህ ታረቀችህ እንዴ?»

«አንተ መሀረብህን ዘርጋ፤ ወሬህን ለቤትህ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኔሜሲዮም ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከረጢቷ ተራገፈች። ሰዉ ዘሩን ቋጥሮ በየጋራው ተበተነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አሮጊቷ ክንዱን ይዘው ነበር። ዘሩ ድኗል፤ ውሸቱ ግን አሁንም አብሮት ነው። ዛሬ ካልተናገረ መቼም እንደማይናገር ገባው።

«እማማ፣ አንድ ነገር አለ... እኔ...»

«ተው፣ አትንገረኝ። የገደሉን ጉድ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

እግሩ ቆመ።

«ያሳደግኩህን ልጅ ሰው ፊት ላዋርድህ? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።» እጁን መታ መታ አደረጉት።

«ዘሩም ደህና ነው፤ ከረጢቷ ውስጥ የአምናውን ጨምሬ፣ የዘንድሮውን ቅሉ ውስጥ ገልብጬዋለሁ። ስንደርስ ለዶሮዎቹ በትንልኝ።»