የዕረፍት ጨርቅ

የምትሰፋው የሸሚዝ ኮሌታ ጠመመባት። ፈትታ መልሳ ልትሰፋው ስትል ከእምብርቷ በታች ያለው ነገር እንደ እርጥብ ልብስ ተጠመዘዘ፤ እግሯ ሳታዝዘው ፔዳሉን ለቀቀ። ጠዋት መጸዳጃ ቤት ገብታ ያየችውን አይታለች። ከዚያ ወዲህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ማታ ማንም ሳያውቅባት እንድትውል።

በፋብሪካው የወር አበባ ፈቃድ ከተፈቀደ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። በወር አንድ ቀን፣ የሐኪም ወረቀት የለ፣ ልመና የለ። ያመማት ሴት በስፌት መኪናዋ መብራት አንገት ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ታስራለች፤ ተተኪዋ ጨርቁን አይታ ትመጣለች፣ እሷም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አፍ አውጥቶ መናገር እንዳያሳፍራቸው ተብሎ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ደግ ሰው ይሆናል፤ ግን የስፌቱ አዳራሽ በመሃሉ ግድግዳ የሌለው መሆኑን ረስቷል። ሴቶቹም ወዲያው ስም አወጡለት። "እከሊት ዛሬ ባንዲራ ሰቀለች" ይባባላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ያመማቸውም እየሳቁ ይሄዳሉ።

እሷ ግን መሄድ አትችልም። ከአዳራሹ ማዶ፣ ካውያ ከያዙት ሴቶች መሃል፣ አማቷ ቆመዋል።

አማቷ ክፉ ሴት ቢሆኑ በወደደች። ክፉ አማት ትታማለች፣ ይወጣላታል። እኚህ ግን በአራት ዓመት ትዳር ውስጥ አንድ ቀን "ምነው ልጅ ዘገየ?" ብለዋት አያውቁም። ዘመዶቻቸው "ልጅሽ ሌላ ሴት ይፈልግ እንጂ" ሲሏቸው "አርፋችሁ ተቀመጡ" ብለው አፍ ያስያዙ እሳቸው ናቸው። በዚህ ወር ግን ቀኗ አለፈ። በአንድ ቤት እየኖሩ ምን ይደበቃል፣ ነቁ። ነገር አላነሱም፤ ባልዲውን ከእጇ ቀሙ፣ ከሥጋው የተሻለውን ወደ እሷ ገፉ። ባሏም እያፏጨ ቤት መግባት ጀመረ። እሷ አዎ አላለችም፤ አይደለም ብላም አላስተባበለች። ደስታቸው እንደ ጉንፋን ተጋባባትና እሷም አመነች፤ እስከ ዛሬ ጠዋት።

እንዲህ ያለ መርዶ በጨርቅ አይነገርም። ማታ፣ በሩን ዘግታ፣ መጀመሪያ ለባሏ፣ ከዚያ ቀስ ብላ ለእሳቸው ትነግራለች። እስከዚያ የሆዷን በሆዷ።

"ምነው አንቺ?"

ተቆጣጣሪዋ ናት። ሠራተኞቹ ጡሩንባ ይሏታል፤ ሹክሹክታዋ ሳይቀር ሦስት መኪና ተሻግሮ ይሰማል። ፈቃዱን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተሟግታ ያስፈቀደችው እሷ ናት፤ የሚያማት ሴት ስታይ የገዛ ሕመሟን ያህል ይሰማታል።

"ምንም አልሆንኩም።"

"ፊትሽ አመድ መስሎ ምንም? እሱ ነው አይደል?"

"አይደለም እቴ፣ ሆዴን ቆረጥ አደረገኝ እንጂ።"

"ሆድ ቁርጠት!" ጡሩንባ በዚያ ሹክሹክታዋ ሳቀች። "እኔም ሴት ነኝ እኮ። ያን ሁሉ የተሟገትኩት እዚህ ቁጭ ብለሽ እንድትሞቺልኝ ነው? ማፈር ድሮ ቀረ!"

"በእናትሽ ተዪኝ። የዛሬን ብቻ ተዪኝ።"

ከልቧ ነው የለመነቻት፤ እጇን ሳይቀር ያዘች። ደግ ሰው አንዴ ሊያግዝ ከተነሳ ግን ማን ይመልሰዋል? ጡሩንባ ሰማያዊውን ጨርቅ ከኪሷ መዝዛ መብራቱ አንገት ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ትከሻዋንም መታ መታ አደረገቻት። "ሂጂ፣ ተኚ።"

ከማዶ አንድ ካውያ ማስቀመጫው ላይ ኳ ሲል ተሰማ። ቀና ብላ አላየችም። ኮቴው ሲቀርብ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አለች በልቧ። መሬቱ ሲሚንቶ ነው።

አማቷ ግን ወደ እሷ አልዞሩም። ጡሩንባ ፊት ነው የቆሙት።

"ማነው ይሄን ያሰረባት?"

"እኔ ነኝ እማማ። አሟታል እኮ።"

"ቢያማትስ! ይሄ ጨርቅ ለሌላው ሕመም ነው።" ሊደብቁት ያሰቡትን ነገር አፋቸው አልይዝ አላቸው። "ልጄ እርጉዝ ናት! ሆዷ እስኪገፋ ትንፍሽ አልልም ብዬ ነበር፣ አስለፈለፋችሁኝ!" ይህን እያሉ ጨርቁን በጥርሳቸው ጭምር ፈቱት።

መኪናዎቹ ጸጥ አሉ። ከኋላ አንዷ "እሰይ!" አለች፣ ሌላዋ አጨበጨበች፣ አዳራሹ ተቀበለ። ጡሩንባ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "ይቅር በይኝ የኔ እህት። መች አወቅሁ! ምናለ ብትነግሪኝ?"

አሁን መናገር ነበረባት። አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። አፏን ከፈተችና የአማቷን ፊት አየች። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም፤ ከጎን አንድ ጥርስ እንደጎደላቸው እንኳ ያወቀችው ዛሬ ነው። ነገ ይህ ሁሉ ሰው "እንዴት ነሽ? እንዴት ነው?" ይላታል። ምን ብላ ትመልሳለች? የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች። ደሙ ግን እሷን አልጠበቀም፣ ይፈሳል።

"ተቀመጪ የኔ እናት፣ ተቀመጪ" አሉ አማቷ። "ያልፋል። ባልሽን ያረገዝኩ ጊዜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።" ጎንበስ አሉና እጃቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ።

ካውያ ሲጨብጥ የዋለ እጅ ነው፣ ይሞቃል። ሙቀቱ በልብሷ አልፎ ሕመሙ ካለበት ደረሰ፤ ረገብ አለላት። ዓይኗን ጨፈነች። እጃቸውን እንዳያነሱባት ብቻ ፈለገች።